ለሌላ ሰው ባል የተከፈተ በር

ነገሌ ቦረና ላይ፣ ከካምፑ በር ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ፣ የቅድስት ገብረወልድ ቪዲዮ ማከራያ ነበረች። ሌላው አከራይ በሩ ላይ የተዋናዮችን ፎቶ ሲለጥፍ ቅድስት ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላ ፍርዷን በጠመኔ ትጽፍ ነበር። «ሰውየው ለድሃነት አይመጥንም፤ ጥርሱ ከአይሱዙ መብራት ይበልጣል።» «ሙሽራዋ ጥሩ ናት፤ እናቷ ግን ታናሽ እህቷ ትመስላለች።» «ልጅቷ ከኮማ ስትነቃ ከንፈሯ ተቀብቶ ነው።» ደንበኛ ታባርሪያለሽ ብለው የመከሯት አልጠፉም። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ፊልሙን የሚከራየው የእሷን ፍርድ ለመፈተን ሆነ። አይቶ ሲመልስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይከራከራታል፣ ይረታል፣ ተናዶ ሌላ ይከራያል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ፊልም እንደ አሸን የፈላበት። ስለ ተዋናዮች የሚያወራው ጋዜጣ በአውቶብስ ተጭኖ፣ ክብረ መንግሥት ላይ አቧራውን ጠግቦ፣ ነገሌ ሲገባ ወሬው ከርሟል። ታረቁ የተባሉት ባልና ሚስት እዚህ ሲነበብላቸው እዚያ እንደገና ተጣልተዋል። ቅድስት ግን ለዚህ ግድ የላትም። ማን ከማን ጋር ራት በላ የሚለውን ትዘለውና ማን ምን ሆኖ ሊጫወት እንደታጨ የሚያወራውን ገጽ ትፈልጋለች፤ ፊልሙ ሳይሠራ እሷ ፈርዳ ትጨርሳለች።

ነገሌም በቀላሉ የሚታለል ከተማ አይደለም። ከጎንደርም፣ ከወለጋም፣ ከትግራይም መጥቶ በጦሩ ካምፕ ዙሪያ የተዋለደ ሕዝብ ነው። ሰላምታው የተወላገደ ወታደር ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ጡረተኛው ሁሉ ከአግዳሚው ይነሳበታል። ከሊበን ገጠር ከብት ይዘው የሚመጡት ኦቦ ጃልዴሳ እንኳ፣ ገበያ ሲወጡ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጠው የሚታየውን ሳያዩ አይመለሱም።

«አካም፣ ቅድስት?» አሏት አንድ ቀን።

«ናጋ፣ ኦቦ ጃልዴሳ። ከብት አርቢ ሆኖ የሚሠራውን እንዴት አዩት?»

«ሎን ኩን ኢሳ ህንቤኩ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላሚቱ ሰውየውን አታውቀውም። ባለቤቷ ቢሆን ሲጠራት ጆሮዋን ታዞር ነበር። ሌላ ሰው አምጡ በያቸው።»

በዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ «ላሚቱ አላመነችውም» ተብሎ ተጻፈ።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርዷ ግን አባት ሆነው በሚጫወቱት ላይ ነበር። አንድም ሰው አላለፈም። አንዱ ድምፁ ቀጠነ፣ አንዱ ሲስቅ ትከሻውን ያበዛል፣ አንዱ ልጁን ሲያቅፍ ሰዓቱን የሚያይ ይመስላል። ሰው ትዕቢት አደረገው። ነገሩ ወዲህ ነው። አባቷ መቶ አለቃ ገብረወልድ ወደ ሰሜን ሲዘምት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ከዓይኗ ጠፋ። የቀረው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱንም የቆቡ ጥላ ግማሹን ውጦታል። ስለዚህ በልጅነቷ ቪዲዮ ቤት ስትገባ፣ በዚያ ላብና አቧራ በሚሸት ጨለማ ውስጥ፣ በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ትመለምል ነበር። የአንዱን ግንባር ከሌላው ጢም ጋር ታገጣጥማለች፤ አንገቱን ከሦስተኛው ታመጣለች። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ዓይኗን ጨፍና ትቀራለች። ያን ጊዜ የገጣጠመችው ሰው ከስክሪኑ ወርዶ፣ በባዶዎቹ አግዳሚዎች መሃል፣ ቀይ አፈር በለበሰ ጫማው ቀስ እያለ ይመጣል። ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ድምፅ ታጣለታለች፤ ሰውየውም እንደ ቆመ ይሟሟል።

እናቷ ደመቀች ግን ፊልም የሚባል አይታ አታውቅም። እሷ የምትጠብቀው ዋናውን ሰውዬ ነው።

በሰማንያ አምስት አንድ ማለዳ፣ ሠራዊቱ ከተበተነ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በራቸው ላይ ቆሙ። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ደመቀች በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው። መቀርቀሪያውን ደግማ ገፋች፤ መዳፏን በሩ ላይ ለጠፈች፤ ቅድስትን በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ጠሯት፣ አንኳኩ፣ ጠበቁ፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካ ሄዱ። በአገሩ ደንብ መርዶ በመስኮት አይወረወርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ሽማግሌዎቹን ሲያስገባ ነው። ያልተከፈተለት መርዶ መርዶ አይባልም፤ ደመቀችም ይህን ደንብ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ በሯ ፀሐይ ጠንከር ሳትል ተከፍቶ አያውቅም። በአህያ ውሃ የሚያዞረው ሰውዬ እንኳ የሷን ጀሪካን መጨረሻ ላይ ያመጣል።

ቅድስትም አብራ ጠበቀች። ሐዋሳ ሥራ ተገኝቶላት መለሰች፤ ሊያገባት የጠየቃትን መምህር ዛሬ ነገ እያለች አሰለቸችው። እናቷን ከነበሯ ለማን ትታ ትሂድ? ሞቷል ለማለት ድፍረቱ የላትም፤ ይመጣል ለማለት ዕድሜዋ አለፈ። እናቷ እንዲሁ በሩን እንደያዘች አርጅታ ትሞታለች ብላ ትፈራ ነበር፤ ፍርሃቷንም ለማንም አልተናገረችም።

እንዲህ እያለ ነው የፊልም ሰዎች በሁለት ሚኒባስ ከተማ የገቡት። አዘጋጁ አምሀ ይባላል፤ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት። ፊልሙ ባሏ ዘምቶ የቀረባትን፣ ሃያ ዓመት ጠብቃ በመጨረሻ መርዶ የምትሰማን ሴት ታሪክ ይናገራል። ሴትየዋን በወጣትነቷም በእርጅናዋም የምትጫወተው ሀይማኖት ነበረች፤ ቅድስት ጋዜጣ ላይ እያየች ስንቴ የፈረደችባት፣ ሁለት ሽልማት የወሰደች ተዋናይ። ከተማው ሥራ ፈትቶ ሊያያት ወጣ። ቅድስትም ሱቋን ዘግታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ልምምዱን ከዳር ቆማ አየች። የሀይማኖት ፀጉር ዱቄት ተነፍቶበታል። በሩ ሲንኳኳ ፈጠን ብላ ትከፍታለች፤ ከዚያ ትጮሃለች። በማግስቱ ሰሌዳው «ዱቄቱ ጥሩ ሠርቷል፤ ሴትየዋ ግን ገና አልመጣችም» አለ።

አምሀ ራሱ ሱቋ ድረስ መጣ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሀይማኖት እኮ ተሸላሚ ናት።»

«ትሸለም፤ ማን ከለከላት? በር አከፋፈቷ ግን የእንግዳ ነው። ሽማግሌ ብለህ ያመጣሃቸውም መርዶ የሚያረዱ ሳይሆን ምርጫ የሚቀሰቅሱ ነው የሚመስሉት።»

ሊቆጣ የመጣው ሰው ሳቀ። «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ማንን ታደርጊ ነበር?»

ይህን ጥያቄ እስከዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም። አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ ሮጠ። «ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስን፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሐጂ ሀሺን። ኦቦ ጃልዴሳን። በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ መልመድ አያስፈልጋቸውም። ሀይማኖትን ደግሞ ወደ እናቴ ልውሰዳት፤ በር መክፈት ትማር።»

ከሰዓት በኋላ ቅድስት፣ አምሀና ሀይማኖት ደመቀች ቤት ሄዱ። ደመቀች ተዋናይቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ልጄን፣ ምን ሆነሽ ነው ዱቄት የነፉብሽ?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ጠረገችላት። የሚፈለገው ተነገራት። ሀይማኖት ተነስታ በሩን ዘጋች፤ አምሀ ከውጭ አንኳኳ፤ ከፈተች። ደመቀች ሳታስበው ምላሷን መታች። የቅድስት እናት መሆኗ ያን ጊዜ ታወቀ።

«እንዲህ አይከፈትም፣ ልጄ። አንቺ የከፈትሽው እንዲገባ ለምትፈልጊው ሰው ነው።»

ተነሳች። መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። መቀርቀሪያውን ያዘች፤ ሳበችው፤ መልሳ ለቀቀችው። አንድ ነገር የምትሰማ ይመስል ጆሮዋን ወደ ሳንቃው አስጠጋች። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው እየዋኘ ነበር፤ ጀርባዋ በዚያ ብርሃን ውስጥ እየቀለለ፣ እየራቀ የሄደ መሰላት ለቅድስት። አምሀ ከውጭ ገብቶ እንደ ደነገጠ ሰው ቆሞ ያያል። ሀይማኖት ቀድማ ተናገረች። «አምሀ፣ እኔ ወጣትነቷን ልሥራ። ይሄን እሳቸው ናቸው የሚሠሩት።»

ደመቀች እንቢ አለች። ለመኗት፤ እንቢ አለች። ወደ ማምሻው ግን ራሷ ጠየቀች። «ለመሆኑ ሟቹ ማን ይባላል?»

«ክብሮም» አለ አምሀ።

«ክብሮም። እንግዲያ የሌላ ሰው ባል ነዋ።»

«አዎ፣ እማማ፤ የሌላ ሰው ባል ነው።»

«እንግዲያው ለሌላ ሰው ባል በር ልክፈት» አለች ደመቀች።

ቅድስት በዚህ ስቃለች። በኋላ ስታስበው ለምን እንደሳቀች አልገባትም።

የፊልም ሰው አሠራር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሐጂ ሀሺ ለግመል ንግድ ወደ ፊልቱ ሊወርዱ ስለነበር አምሀ የመጨረሻውን መጀመሪያ ላንሳ አለ፤ መርዶው ይቅደም፣ ሴትየዋ ባሏን ስትጠብቅ የምትታይበት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ ይህ ሲነገራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሞቱን አስቀድመን ጥበቃውን ከኋላ?»

«ሲቆራረጥና ሲገጣጠም ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ አባባ።»

«እናንተ ዘንድ ይይዝ ይሆናል» አሉ። የሚሉትን ቃል ሲያስጠኗቸው ግን አንዴም አልተሳሳቱም። «ክብሮም አርፏል፤ እግዜር ያጽናሽ።» ይህችው ናት።

ማለዳ ላይ ካሜራው በደመቀች ግቢ ተተከለ። ሰማዩ ገና ወተት መስሏል። ከሌሊቱ ንፋስ የቀረው ቀይ አቧራ መሬቱን ሳይነካ ተንሳፍፎ፣ ግራሩንም አጥሩንም በግማሽ ሸፍኖ፣ ከተማው ሁሉ ያልታጠበ ህልም ይመስል ነበር። ከካምፑ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድምፁ በአቧራው ውስጥ ለስልሶ መጣ። ቅድስት ከአምሀ አጠገብ ተቀምጣ በትንሿ ስክሪን ታያለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአቧራው ውስጥ ብቅ አሉ። እግራቸው ድምፅ የለውም። ቅድስት እንዴት ያለ ምርጫ መረጥኩ ብላ ኩራት ቢጤ ተሰማት። እውነቱን ለመናገር ከኩራቱ በታች ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። በልጅነቷ በዚያው በር ቀዳዳ፣ ከእናቷ ክንድ ሥር አጮልቃ አይታዋለች።

ወልደየሱስ አንኳኩ። በሩ ዝም አለ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ አምሀ ዞር ብሎ አየ፤ አምሀ ጠብቅ በሚል እጁን አነሳ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩ በጥቂቱ፣ ደግሞ በጥቂቱ ተከፈተ፤ ደመቀች ደፍ ላይ ቆመች። ነጩ ብርሃን ፊቷ ላይ ወደቀ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ በር፣ እሷን ያየ ሰው በከተማው አልነበረም። እናቴ ሁሉንም ትበልጣለች፣ ብላ አሰበች ቅድስት፤ ጋዜጣ ላይ ያሉትን ሁሉ ትበልጣለች።

ወልደየሱስ ቆባቸውን አወለቁ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልመጣም። ሐጂ ሀሺ ዝቅ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

«ደመቀች እህቴ» አሉ ወልደየሱስ። «ገብረወልድ አርፏል።»

ቅድስት ብድግ አለች። ስሙን ተሳሳቱ! ክብሮም ነው የሚባለው! እንዲህ ብላ ልትጮህ ነበር፤ እጇን ሁሉ አንስታለች። ፊልም ስትፈርድ የኖረች ሰው መጀመሪያ የታያት የተዋናይ ስህተት ነው። ከዚያ የሃምሳ አለቃውን ትከሻ አየች፤ ስክሪኑን ትታ ሰውየውን እራሱን አየች፤ እጇ እንደተነሳ ቀረ።

«ደቀመሐሬ አጠገብ» አሉ ወልደየሱስ፤ ድምፃቸው አሁን ረግቷል። «በእጄ ላይ ነው ያረፈው። ያን ጊዜም ልነግርሽ መጥቼ ነበር። በሩ እንቢ አለኝ።»

ደመቀች አልጮኸችም። በሩን መልሳ ልትዘጋው ትችል ነበር፤ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው።

«ቀበሩት?» አለች።

«ቀበርኩት።»

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው?»

«ወደ ምሥራቅ አዙሬ። አፈሩን በዚህ እጄ ነው ያለበስኩት።»

ደመቀች እጃቸውን ተቀበለች። ገልብጣ መዳፋቸውን አየች፤ አፈሩ አሁንም እንዳለበት ሁሉ ግንባሯን አስነካችው። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። «ገብሬ! አንተ ገብሬ!» ድምፁ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ካምፑም ወደ ገበያውም ሄደ። አምሀ ቁረጡ አላለም። ካሜራ የያዘው ልጅ ማንም ሳይነግረው ካሜራውን አጥፍቶ መሬት አስቀመጠ። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቷ ሸምሳ ናት፤ ባዶ እግሯን ሮጣ መጥታ ደመቀችን ከኋላዋ አቀፈቻት። ፊልም ነው ወይ ብላ የጠየቀች ሴት አልነበረችም። እንዲህ ያለ ልቅሶ አይጠየቅም።

ቅድስት ወደ እናቷ ስትሄድ ግቢው የሰፋ፣ እግሯም በውሃ ውስጥ የሚራመድ መሰላት። በየአግዳሚው ላይ ከስንት ወንድ ፊት ለቃቅማ የሠራችው ሰው በዚያች አጭር መንገድ ላይ አብሯት ተራመደ። ግንባሩን ለባለቤቱ መለሰ፤ ጢሙን ለባለቤቱ መለሰ፤ አንድ በአንድ ሁሉንም መለሰና በመጨረሻ የቀረው እሱ ራሱ ብቻ ነበር፤ ሩቅ አገር፣ በወዳጁ እጅ አፈር የለበሰ ሰው። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አባቴ ብላ፣ ማንንም ሳትመለምል።

የእድሩ ድንኳን በረፋዱ ተተከለ። የፊልም ሰዎቹ ፕላስቲክ ወንበሮች ሳይበቁ ቀርተው ከየቤቱ አግዳሚ መጣ። ሀይማኖት ፀጉሯን በሻሽ አስራ ንፍሮ አዞረች፤ ከሩቅ ሊያያት የሚንጠራራው ጎረምሳ ሁሉ አፈረ። ኦቦ ጃልዴሳ ወደ ገጠር መመለሻቸውን ትተው ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልተነሱም። ሐጂ ሀሺም ፊልቱ አልወረዱም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ አምሀ መነጽሩን እየወለወለ ደመቀች አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ያን ቀን የተነሳውን ማንም አያየውም። አጥፍቼዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ» አለች ደመቀች። ድምጿ ሻክሮ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደታጠበ ሰው ፊት ቀሏል። «የቀረው ሥራህስ? ቃል ሰጥቼህ ነበር እኮ።»

አምሀ አፈረ። «እንዴት ብዬ እጠይቅዎታለሁ? የቀረው፣ ማለቴ፣ መናኸሪያ ተቀምጠው አውቶብስ የሚያዩበት ነበር። ወራጁን ሁሉ እያዩ፣ ይመጣል ብለው የሚጠብቁበት።»

ደመቀች ጥቂት ፈገግ አለች፤ ቅድስት ይህን ፈገግታ ከእናቷ ፊት ላይ አታውቀውም ነበር።

«ልጄን፣ ያንን አስቀድመህ ብታነሳው ኖሮ እንዴት አድርጌ በሠራሁልህ! ማንም እንደኔ አይችልበትም ነበር። አሁን ግን እንዴት እንደሚጠበቅ ጠፍቶብኛል። ሌላ ሴት ፈልጉ።»

የአምሀ ዓይን ሳያስበው ወደ ቅድስት ዞረ። ደመቀች አየችው።

«እሷንም አትያት» አለች። «እሷም ጠብቃ ጨርሳለች።»